ካርቶን ከነተሸካሚው

ጋሽ ከድር መሞታቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሰሚራ ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ «አባባ ሄዱ» አለችኝ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ስንት ሰዓት ላይ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወዲያው አፈርኩ። እሷ ግን አልተቀየመችኝም።

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ» አለች። «እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ሰዓቴን አይቼልሃለሁ።»

ይህን አመል ያስያዙኝ ራሳቸው ጋሽ ከድር ናቸው። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅኩት ግማሹን የመጠቅለያ ጋዜጣ በማንበብ፣ ግማሹን ደግሞ መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለ አንድ የቤት ዕቃ መጋዘን፣ ከእሳቸው አጠገብ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ተቀምጬ ነው። እሳቸው መጋዘን ያዥ፣ እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ባለ ወፍራም መነጽር ሰው ነበሩ። ግራጫ የሥራ ጋዋን ይለብሳሉ። ደረት ኪሳቸው ላይ አራት እስክሪብቶ አለ፤ ሦስቱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። በቀዩ ሲጽፉ አይቻቸው ስለማላውቅ አንድ ቀን ለምን እንደያዙት ጠየቅኳቸው።

«ለተሳሳተ ሰው ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አይጽፉበትም?»

«ሰዉ ብዙ ነው። ቀለሙ የሚበቃ ይመስልሃል?»

በዕድሜያቸውና በኮፍያቸው ምክንያት የማያውቃቸው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። መንገድ ላይም ቢሆን ቆመው ያርማሉ። «ሐጅ አልሄድኩም። ያልተረከብኩትን ማዕረግ አትስጠኝ።» የተባለው ሰው ይቅርታ ጠይቆ ሲያበቃ «እሺ ሐጂ» ብሎ ይሄዳል።

ሕጋቸው አንድ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነገር በወረቀት ያልፋል። የርክክብ ጥራዛችን ሦስት ሦስት ቅጠል ነው፤ በመሃሉ ካርቦን ይገባል። ነጩ ለተረካቢ፣ ሮዙ ለአስረካቢ ይሰጣል፣ ቢጫው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ዕቃው ሲመለስ ተረካቢው ነጩን ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ከዕዳ ነጻ ነው። መርካቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ጋሽ ከድርን ልዩ የሚያደርጋቸው ሕጉን የመጋዘኑ በር ላይ የማያቆሙት መሆናቸው ነው። ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲሄዱ ኮፍያቸውን ለጸጉር አስተካካዩ በፊርማ ነው የሚያስረክቡት። ሰውዬው አንድ ቀን ሰልችቶት «ጋሼ፣ ጸጉሩንም ልፈርምበት?» ቢላቸው፣ ትንሽ አስበው «እሱ ተመላሽ አይደለም» አሉት።

ሰሚራ የነገረችኝን ልጨምር። የኒካሕዋ ቀን፣ ሁሉም ነገር አልቆ ሙሽሮቹ ሊነሱ ሲሉ አባቷ ከጋዋናቸው (አዎ፣ ለሠርግም ከካቦርታቸው ሥር ለብሰውት ነበር) ጥራዙን አወጡ። «አንዲት ልጅ። ስም፣ ሰሚራ ከድር። ሁኔታ፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ።» ሙሽራው ጀማል የሥርዓቱ አካል መስሎት ፈረመ።

«አባባ፣ እኔ ጆንያ ነኝ?» አለች ሰሚራ።

«ጆንያ ብትሆኚማ ምን አስጨነቀኝ» አሉ። «ጆንያ ሞልቷል።»

ከሰባት ወር በኋላ ከጀማል ጋር ተኳርፋ አባቷ ቤት ገባች። ምን ሆነሽ ነው ብለው አልጠየቋትም። ቢጫውን ቅጠል ፈልገው ለአማቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ቅጂው አሁንም ሰሚራ ጋር አለ። «በተረከቡበት ጊዜ ሁኔታ በሚለው ሥር ‹ሳቂታ› የሚል ይነበባል። በአሁኑ ሰዓት አትስቅም። ቀርበው እንዲያስረዱ።» ጀማል ሁለት ሽማግሌና አንድ ኪሎ ሐላዋ ይዞ መጣ። አንዱ ሽማግሌ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰሚራ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈረሰች። ጋሽ ከድርም «ተሰምቷል፤ ፋይሉ ይዘጋ» ብለው ቢጫውን ወደ ጥራዙ መለሱ።

ወረዳውን የነኩት ደግሞ በሽንት ቤት ነው። ከመጋዘናችን ጀርባ ባለው ቅያስ አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ። አንድ ኃላፊ ረጅም ንግግር አድርጎ ሲያበቃ «ይህንን መጸዳጃ ቤት ዛሬ ለነዋሪው አስረክበናል» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ከድር ግን «አስረክበናል» የምትለዋን ቃል ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ሰዉን ሰንጥቀው ከኃላፊው ፊት ቆሙና እየዞሩ መጻፍ ጀመሩ። አራት በር። ሦስት ቁልፍ። ቧንቧ፣ አለ። ውሃ፣ የለም።

«አስረካቢ ማን ብዬ ልጻፍ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ይህ ልማት ነው እንጂ ንግድ አይደለም» ብሎ ሳቀና ሳይፈርም ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ በሮች ተሰረቁ። ወረዳው ነዋሪውን ስብሰባ ጠርቶ «የተረከባችሁትን ንብረት አልጠበቃችሁም» ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ከድር ተነሥተው ሦስቱን ቅጠል ከፍ አድርገው አሳዩ። «አልተረከብንም። ይኸው፣ የፊርማው ቦታ በሦስቱም ላይ ባዶ ነው። በሮቹ የጠፉት ከእናንተ እጅ ነው።» በሮቹ ተተኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ወረዳው ቢሮ ውስጥ «ሰውዬው መጡ» ሲባል እስክሪብቶ ሁሉ መሳቢያ ይገባል ብላ አንዲት የመዝገብ ቤት ልጅ ነግራኛለች። እኔም አንድ ጊዜ ተልኬ ስሄድ ጠረጴዛዎቹ ላይ ያየሁት እርሳስ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ታረቀኝ ልምጣ።

ታረቀኝ ከጋሞ የመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ተሸካሚ ነበር። ለእኛ መጋዘን ነው የሚሠራው። ሲሸከም ራሱን በራሱ እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል። «ታረቀኝ ይዟል፣ ታረቀኝ ጋሪውን አለፈ፣ ታረቀኝ አህያዋንም አለፈ፣ አደገኛ ቦታ ላይ ነው!» እያለ ከነጭነቱ ሰው መሃል ይጠፋል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ፔርሙስ ያለበት ካርቶን ሶማሌ ተራ ለሚገኝ ደንበኛ እንዲያደርስ ላክነው። መንገድ ላይ ደክሞት ካርቶኑን አውርዶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥፋቱ መቀመጡ ነው። የዚያን ሰሞን ከተማዋ እንግዳ ስለሚመጣባት መንገድ ዳር የተቀመጠ ወጣት ሁሉ ይታፈስ ነበር።

ወሬውን ያመጣው በራችን ላይ የሚሠራው ሊስትሮ ነው። «ጋሼ፣ ታረቀኝ ከነካርቶኑ ታፈሰ።»

ጋሽ ከድር ቀና አሉ። «ማን ፈርሞ ወሰደው?»

«ጋሼ፣ አፈሳ ነው እኮ። አፈሳ አይፈርምም።»

«የማይፈርም ሰው እንዴት ሰው ይወስዳል?»

ሊስትሮው የሚያውቀውን ነገረን። የታፈሱት ወጣት ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ናቸው። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በመኪና ተጭነው ወደየክልላቸው ይሸኛሉ። ባለፈው ጊዜ አብሮ አደጉ እንዲሁ ተጭኖ ነበር። እናቱ ዛሬም ድረስ እየደወለች የት አለ ትለዋለች። «ከተማው አስረክቤያለሁ ይላል፣ ክልሉ አልተረከብኩም ይላል። ልጁ ግን እዚህም የለም፣ እዚያም የለም።»

ጋሽ ከድር ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጥራዙን ብብታቸው ሥር ከተው ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ካርቦኑን ይዤ ተከተልኳቸው።

የወጣት ማዕከሉ በር ላይ «የወጣቶች መዝናኛ» የሚል ጽሑፍ አለ። ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት የፑል ጠረጴዛዎች ይታያሉ፤ ከእነሱ ወዲያ፣ ከሽቦ አጥሩ ጀርባ፣ ወጣቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ላቀው የሚባል የአርባ ዓመት ገደማ ጥበቃ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ካርቶናችን አለ።

«ጠዋት ከእኛ የወጣ ዕቃ እዚህ ገብቷል» አሉ ጋሽ ከድር።

ላቀው ፊቱ በራ። «የፔርሙሱ ካርቶን ነው? እሰይ፣ ራስ ምታት ሆኖብኝ ነው የዋለው። ይኸው፣ መዝግቤዋለሁ።» መዝገቡን አዞረልን። «አንድ ካርቶን ፔርሙስ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ጥጉ ጨፍለቅ ያለ» ይላል። ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር።

«እጅህ የመጋዘን እጅ ነው» አሉት ጋሽ ከድር።

«አሥራ አንድ ዓመት እህል መጋዘን ሠርቻለሁ፣ ሐጂ።»

«ሐጅ አልሄድኩም። ተሸካሚውስ?»

«የምን ተሸካሚ?»

«ካርቶኑ በእግሩ አልመጣም።»

ላቀው ገጹን ገለጠ። የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ወጣቶች፣ ሠላሳ ገደማ።»

ጋሽ ከድር መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዩን እስክሪብቶ ሲያወጡት አየሁ። «ገደማ» የምትለዋን ቃል አሰመሩባት።

«አንተ እህል መጋዘን በነበርክ ጊዜ ‹ጤፍ፣ መቶ ኩንታል ገደማ› ብለህ ጽፈህ ታውቃለህ?»

ላቀው አንገቱን ደፋ። «ኧረ ጋሼ። ያስሩኛል እንጂ።»

«እንግዲያው ስማ። ጎዶሎ አልረከብም። እኔ የላክሁት ካርቶን ከነተሸካሚው ነው። ካርቶኑን ብቻ ብወስድ ልጁን ተቀብያለሁ ማለት ነው።» ሰማያዊውን አውጥተው ጻፉ። «አንድ ካርቶን ፔርሙስ ከነተሸካሚው፣ ስም ታረቀኝ፣ ዕድሜ አሥራ ስድስት፣ በሥራ ላይ እያለ የተወሰደ። ሁኔታ፣ ጤነኛ፣ ወሬኛ።» ጥራዙን አዙረው ከላቀው ፊት አደረጉትና ተረካቢ የሚለውን ቦታ በጣታቸው ጠቆሙት።

እዚህ ላይ የሆነውን በደንብ ልናገር። ላቀው ሊፈርም አላሰበም። አሁንም አንገቱን እንደደፋ ነበር። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊቱ ጥራዝ በተደረገለት ቁጥር የፈረመ እጅ ነው፤ እጁ ራሱ ሄዶ ፈረመ። ቀኑንም ሳይቀር ጻፈ። ጋሽ ከድር ነጩን ቀድደው ሰጡት።

አስተባባሪው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዘላለም ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከረባት አስሯል፣ ሁለት ስልክ ይዟል። ነጩን ወረቀት ከላቀው እጅ ወስዶ አነበበና «ማን ፈርም አለህ?» አለው።

«እጄ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቅደደው።»

«ሦስት ኮፒ ነው፣ ጌታዬ።»

ዘላለም ወደ ጋሽ ከድር ዞረ። «ጋሼ፣ ዘመድ መታወቂያ ይዞ ካልመጣ ማንም አይወጣም። ዘመዱ ነዎት?»

«አይደለሁም። ላኪው ነኝ። አንተ ተረካቢው ነህ?»

«አይደለሁም። ያመጣቸው ሌላ ክፍል ነው፣ የሚወስዳቸው ክልሉ ነው። እኛ ማቆያ ብቻ ነን።»

«ማቆያ ከሆንክ በእጅህ አሉ ማለት ነው።»

«በእጃችን የሉም። ግቢያችን ውስጥ ናቸው እንጂ።»

ጋሽ ከድር ይህን ለመረዳት ከልባቸው ሞከሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ጻፈው» አሉኝ በመጨረሻ፤ እኔም ጻፍኩት።

«ምንድን ነው የሚጽፈው?» አለ ዘላለም።

«ያልከውን።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ካርቶንዎን ይዘው ይሂዱልኝ። የነጋዴ ዕቃ ግቢ ውስጥ ተገኘ ከተባለ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ለፔርሙስ ትጠየቃለህ፣ ለልጅ ግን አትጠየቅም?»

የዘላለም አንዱ ስልክ ጠራ፤ አላነሳውም። ላቀው ቀስ ብሎ «ጌታዬ፣ ልጁ ነገ ቢጠፋ ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። አራት ልጆች አሉኝ» አለው። ዘላለም «አውጣላቸው» ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ታረቀኝ ወጣ። ካርቶኑን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። በሩን ሊያልፍ ሲል ጋሽ ከድር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ፔርሙስ አንድ በአንድ እያወጡ፣ ጆሯቸው ሥር እየነቀነቁ፣ መስታወቱ አለመሰበሩን አረጋገጡ። ቀጥሎ ታረቀኝን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ መረመሩት።

«አንድ ጫማ የት አለ?»

«ሲጭኑን ወደቀ፣ ጋሼ። ግድ የለም፣ እንሂድ።»

«ጠዋት ሁለት ጫማ ነበረው» አሉ ወደ ዘላለም ዞረው።

እኔ፣ ታረቀኝና ላቀው በአንድ ድምፅ ለመንናቸው። እሳቸው መጻፍ ጀምረዋል። «አንድ ጫማ፣ የግራ፣ ፕላስቲክ፣ ቡናማ፣ ጎዶሎ።» ዘላለም ወደ ስፖርት ዕቃ ክፍሉ ገባና አንድ ታኬታ ይዞ ወጣ። የግራ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ያህል ይበልጠዋል። ጋሽ ከድር «በምትክ ተሰጠ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ዘላለም ስብሰባ አለኝ ብሎ ሄደ፤ ሲሄድ ይሮጥ ነበር ማለት ይቻላል። ታረቀኝም በቀኝ እግሩ ፕላስቲክ፣ በግራው ታኬታ አድርጎ «ታረቀኝ ከጉዳት ተመልሷል፣ ወደ ሜዳ እየገባ ነው» እያለ ካርቶኑን ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ ወረደ።

እኛም ልንሄድ ስንል ከሽቦው ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እኔንም ይጻፉኝ።»

ሌላውም «እኔንም» አለ። ሁሉም ከሽቦው ተጠጉ።

ጋሽ ከድር ወደ ላቀው ዞሩ። «ልጆቹ ነገ ያለ ወረቀት ቢጫኑ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢቀሩ፣ መቅረታቸውን ማን ያውቃል? ‹ገደማ› ላይ ሁለት ቢጎድል ያው ገደማ ነው።»

ላቀው ወንበሩን አንሥቶ ሽቦው አጠገብ አስቀመጠና «ያምጧቸው» አለ።

ሠላሳ አንድ ነበሩ። ጥራዙ ላይ የቀረው አሥራ ዘጠኝ ስለነበር ሮጬ ሌላ አመጣሁ። ጋሽ ከድር ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ላቀው ይፈርማል። ነጩ ለላቀው፣ ሮዙ ለልጁ። «ራስህን አስረካቢው አንተ ነህ። ሮዙን እንዳትጥል» ይሉታል እያንዳንዱን። ሁኔታ ሲባሉ አብዛኞቹ «ርቦኛል» አሉ፤ «የተራበ» ተብሎ ተጻፈ። አንዱ «ቆንጆ ብለው ይጻፉልኝ» አላቸው። «የሚታየውን ነው የምጽፈው» አሉት፤ ሽቦው ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። አንድ ትንሽ ልጅ የአባቱን ስም አያውቅም ነበር። ባዶውን ልተወው ስል እጄን ያዙኝ።

«ማን አሳደገህ?»

«አክስቴ አስቴር።»

«ጻፍ። የአሳዳጊ ስም፣ አስቴር።»

ስንጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ላቀው «ገደማ» የምትለዋን ሰርዞ «ሠላሳ አንድ» ብሎ ሲጽፍ በደንብ ነው የጻፈው።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሚሆነውን አይቼ እንድነግራቸው ተልኬ በሩ ላይ ነበርኩ። የመጣው መኪና አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚያራግፍ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ወርዶ ልጆቹን ሲያይ፣ ሁሉም እጅ ላይ ሮዝ ወረቀት አለ። አንዱን ተቀብሎ አነበበ።

«የተፈረመበት ጭነት ነው እኮ ይሄ። ላኪው ማን ነው?»

«ላኪ የለውም» አለ ዘላለም።

«እንግዲያው አልጭንም። አንድ ቢጎድል ከእኔ ራስ ነው።»

«ሰው ነው እኮ፣ ጭነት አይደለም!»

«ሰው ከሆነማ ለምን የሽንኩርት መኪና ጠራችሁ?»

ዘላለም ሁለቱንም ስልክ አወጣ። የስልኮቹን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለነበር ሁሉንም ሰማነው። ክፍለ ከተማው «ቦታው ላይ ያለኸው አንተ ነህ፣ አንተ ፈርም» አለው። ክልሉ «ዝርዝሩ አልደረሰንም፣ ያልደረሰንን አንረከብም» አለው። ልጆቹን ያፈሰው ክፍል ስልኩን አያነሳም። ላቀው ደግሞ ሠላሳ አንዱን ነጭ ወረቀት ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። «ጌታዬ፣ ሳይፈረምልኝ አንድም አይወጣም» ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ሾፌሩ የሚጠብቀኝ ሽንኩርት ይበሰብሳል ብሎ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ምሳ ጠየቁ። ላቀው ከነጮቹ አንዱን ለዘላለም አሳየው። «ትናንት ‹የተራበ› ብለን ነው የተረከብነው። ዛሬ ‹በጣም የተራበ› ከሆነ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ዘላለም በከረባቱ ላቡን ጠረገ። ግቢውን ዞሮ አየ። ከዚያ ለላቀው «ነጮቹን መልስላቸው» አለው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ነጩን ከመለስክ እጅህ ላይ ምንም የለም፣ አይደል?»

«ምንም የለም» አለ ላቀው።

በሩ ተከፈተ። ላቀው መነጽሩን አድርጎ በሥርዓቱ ስም መጥራት ጀመረ። ሁለተኛውን ስም ሳይጨርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነቅለው ወጡ፤ ጥቅሉ ከእጁ ወድቆ ነጩ ወረቀት መንገዱ ላይ ተበተነ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ የፑል ጠረጴዛዎች ብቻ ነበሩ።

እየሮጥኩ መጋዘን ገባሁ። «ጋሼ፣ ወጡ!»

«ስንት?»

«ሁሉም።»

«‹ሁሉም› ቁጥር አይደለም። ተመለስና ቁጠር።»

ተመለስኩ። ሰዓቱ የመርካቶ ሰው የሚበዛበት ነው። ሊስትሮው አጠገብ ሦስት አገኘሁ። ጋሪ የሚገፉ ሁለት አየሁ፤ አንዱ ሮዙን ጆሮው ላይ ሰክቶታል። አክስቱ አስቴር ያሳደገችው ልጅ ብርቱካን እየበላ አለፈኝ። ስምንተኛው ልጅ ላይ ስደርስ ሰዉ ዋጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ይመስለኛል እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ።

ጋሽ ከድር ቢጫውን ጥራዝ ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ተመላሽ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ተቀመጥኩና «ሠላሳ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

«ቆጥረሃል?»

በስድስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ከዚያ ቀን በቀር ያልቆጠርኩትን ቁጥር ፊታቸው ጽፌ አላውቅም። እሳቸውም ባልተቆጠረ ነገር ሥር ፈርመው አያውቁም። አዩኝና መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ያለ መነጽር የራሳቸውን ጣት እንኳ በቅጡ አያዩም።

ሰማያዊውን እስክሪብቶ አነሡና «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አደረግኩላቸው።